ነጩን ፊት ማፍረስ

ዙለይካ ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ ኮንቴነር ታነሳለች። ያን የሚያህል ብረት በማሽን ብድግ አድርጋ፣ እንቁላል የምታስቀምጥ ይመስል ሌላው ላይ ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች። «ዙሌ ያስቀመጠችው አይነቃነቅም» ይላሉ ሾፌሮቹ። ቤቷ አዳማ ነው፤ ጠዋትና ማታ በሰርቪስ ትመላለሳለች። ሥራው ላይ እንዲህ ነች፤ ቤት ስትገባ ግን የገዛ ልጇ ሑስና አታናግራትም።

ነገሩ የመጣው በኪዩብ ነው፤ ያ እያሽከረከሩ ስድስቱን ቀለማት በየፊታቸው የሚሰበስቡበት መጫወቻ። ሑስና በሠላሳ ሰከንድ ትፈታዋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ዙለይካ «ይሄ ነው የሚያደነዝዝሽ!» ብላ ቀማቻትና ድንጋይ ላይ ከስክሳ ጣለችው። ልጅቷ ፈተናውን አለፈች፤ ለእናቷ ግን ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል የላትም። ይኸው አራት ወር። እሁድ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ጅማ ልትሄድ ነው። እንደተኳረፍን ከሄደች በዚያው ትቀራለች ብላ ዙለይካ ፈርታለች።

ይቅርታ መጠየቅ? ዋይ! ኮንቴነሩን በጀርባዋ ብትሸከም ይቀላታል። እሱን ትታ፣ ገና ኩርፊያው እንደጀመረ፣ አንድ ኪዩብ ገዝታ ሰርቪስ ላይ መማር ይዛ ነበር።

ምን ይሆናል፣ አንድ ወር ሙሉ እዚያው ስትረግጥ ከረመች። ነጩን ፊት ጥንቅቅ አድርጋ ትሠራለች፤ ከዚያ ወዲያ ፍንክች የለም። ሁለተኛውን ረድፍ ለመሙላት ነጩን ለአፍታ ማፍረስ የግድ ነው፤ እሷ ደግሞ አንዴ ያስተካከለችውን ለመንካት እጇ እምቢ ይላታል። የሥራ ባልደረባዋ ኪሩ አጠገቧ ተቀምጦ አይቶ አይቶ ሳቀ።

«ዙሌ፣ ከሥር ያለ ኮንቴነር ሲጠየቅ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የላዩን አነሳለሁ፣ የተፈለገውን አወጣለሁ፣ የላዩን እመልሳለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያ ረቢ!» አለች ግንባሯን እየመታች። በዚያው ሳምንት ሙሉውን ፈታችው፤ በስምንት ደቂቃ።

እልኸኛ ናት ስላችሁ፣ ስምንት ደቂቃ መች ሊበቃት! መጀመሪያ ጣቷን አጣደፈች፤ ይባስ ተሳሳተች። ቆይቶ ነው የገባት፤ ሰዓቱን የሚበላው የጣት ቀርፋፋነት ሳይሆን «ቀጣዩ የታል?» እያሉ መገተር ነው። እጇ አንዱን ቁራጭ ሲያስገባ ዓይኗ የሚቀጥለውን ይፈልግ ጀመር። የማዕዘኑንና የጎኑን ቁራጭ ለየብቻ ማስገባቱን ትታ አጣምራ ታስገባቸዋለች። ስምንቱ ደቂቃ ሁለት ገባ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሑስና ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ዙለይካ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኪዩቡን አወጣችና መፍታት ጀመረች። ልጅቷ ልብስ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዙለይካ እስከ መጨረሻው ፈታችው።

«መቼ ተማርሽው?» አለች ሑስና።

«ካኮረፍሽኝ ወዲህ። በየቀኑ።» ዙለይካ ቀና ብላ አየቻት። «ያንቺን የሰበርኩት አጥፍቼ ነው ልጄ። ይቅር በዪኝ።»

ሑስና ልብሱን ጥላ ኪዩቡን ተቀበለቻት፤ አንድ ፊት ሳታስቀር እያሽከረከረች ቀለማቱን በታተነች። እንባዋ እየወረደ መልሳ እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ድገሚው እማዬ» አለች። «ነጩን ከላይ ሠርተሽ ትገለብጪዋለሽ፣ እሱ ነው ጊዜ የሚፈጅብሽ። እዚያው ከሥር ሥሪው። እስከ እሁድ ከደቂቃ በታች እናወርደዋለን።»