አልጋ ሰባትን የዋጠው ጥቅስ

የሆስፒታሉ ነርሶች «እመት ጥቅስ» ይሏታል። ስሙ የቀልድ ነው፤ ግን ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ነርሶቹ የማንቂያ ደወል ትእዛዝ የሚጽፉባትን ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራችው እሷ ናት። «አልጋ አራት፣ ትኩሳት ከ39 ከበለጠ ደውል» ብለው ይጽፋሉ፤ ማሽኑ ሌት ተቀን ይጠብቅላቸዋል። እሷ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማተሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ቋንቋዋን ትጠግናለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች፤ ሰውም አልበደለች፣ ሰውም አልበደላት።

አሁን ግን አንዲት ሴትዮ እየመጣች ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች።

በቁሟ አይታት አታውቅም። የምታውቀው ዕድሜዋንና የአልጋ ቁጥሯን ብቻ ነው፤ ስልሳ አራት ዓመት፣ አልጋ ሰባት። ጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ሳለ፣ የእንግዳው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ቁጭ ትላለች። አትናገር፣ አትወቅስ። ወይ ጣጣ! ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቋንቋዋ የመጀመሪያ ክፍል አንባቢ ነው፤ ነርሷ የጻፈችውን ፊደል በፊደል እየለቀመ «ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ትእዛዝ ነው» እያለ የሚለይ። ታዲያ የጥቅስ ምልክት ሲያይ ጆሮውን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለእሱ ተራ ጽሑፍ ነው። «ደውል» ቢሉት አይደውልም፣ «አቁም» ቢሉት አያቆምም፤ መዝጊያው ጥቅስ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ይሰበስባል። በሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች መሐል የሚጻፍ የመፈለጊያ ንድፍም አለ፤ «አልጋ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ማንኛውም ቁጥር» እንደሚል ዓይነት። እዚያም ውስጥ ቢሆን ሁለተኛዋ ጭረት እስክትመጣ ማንንም አይታዘዝም። ሥራው ነው፤ አይፈረድበትም።

መዝጊያው ቢረሳስ? ድሮ፣ መስመሩ ሲያልቅ አንባቢው ቀጥ ብሎ ይቆምና የክፍሉ ትእዛዞች የተጻፉበትን ፋይል በሙሉ «አልቀበልም» ይል ነበር፣ በቀይ። ነርሶቹ አንገሸገሻቸው። በተለይ የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ሲስተር ስልክ አንስታ «እመት ጥቅስ፣ ለአንዲት ምልክት ብለሽ ሰላሳ በሽተኛ ታስጠብቂኛለሽ? ይሄን ጩኸታም ማሽንሽን ዝም አስብይልን!» ብላ ታንባርቅባት ነበር። ኃላፊዋም «አቅልይላቸው እንጂ» አላት። አቀለለችላቸው። ጥቅስ ሳይዘጋ ከቀረ አንባቢው መዝጊያ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካጣም ፋይሉ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋዋል። ማንም አይጮህም። ነርሶቹ መረቋት።

ያችው ሲስተር አንድ ቀን ለአልጋ ስድስት «ምግብ እንዳይሰጣት» የሚል መልእክት በጥቅስ ከፍታ ጻፈች፤ ጥድፊያ ላይ ነበረችና መዝጊያውን ረሳች። ከሥሩ የመጨረሻውን መስመር አከለች፤ «አልጋ ሰባት፣ ኦክስጅን ከ88 ከወረደ ደውል»። አንባቢው ይህንንም ለቅሞ የአልጋ ስድስት መልእክት ውስጥ ከተተው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የአልጋ ሰባቷ ሴት ትንፋሽ አጠራት። ደወሉ አልደወለም። ሲደርሱላት አልፋ ነበር።

ሲስተሯ «ትእዛዙን ጽፌያለሁ» ብትል ማን ይስማት! የሆስፒታሉ ማሽን ላይ ለአልጋ ሰባት የተመዘገበ ትእዛዝ የለም። ከሥራ ታገደች፤ የሙያ ፈቃዷን ለመንጠቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። እመት ጥቅስ ፋይሉን እንድትመረምር ታዘዘችና በሁለት ደቂቃ ውስጥ አየችው። አየችና ምን ብላ ጻፈች? «ሥርዓቱ በተሠራበት መንገድ ሠርቷል።» እስቲ አሁን ይሄ ውሸት አለበት? ኃላፊዋ «ጎሽ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት። ሴትዮዋ መምጣት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቷ «ልጄ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ስትላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። የምን ሥራ! ፈርታ ነው እንጂ።

ኮሚቴው ሊወስን አንድ ቀን ሲቀረው ሲስተሯ ራሷ መጣችና ያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ልጣላሽ አልመጣሁም» አለች። ያ ስልክ የሚሰነጥቅ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጽፌዋለሁ ወይስ አልጻፍኩትም? የገዛ እጄን ማመን አቃተኝ። በሬን ቆልፌ ወጥቼ ሦስቴ ተመልሼ አያለሁ።»

እመት ጥቅስ ስክሪኑን አዞረችላት። «ጽፈሽዋል፣ ሲስተር። ይኸውልሽ።»

ሲስተሯ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቀጥሎ ዓይኗ ያልተዘጋው ጥቅስ ላይ አረፈ። «እቺስ የኔ ናት» አለች።

«ያንቺ ናት። ድሮ ግን እንዲህ ስትረሺ ይጮህልሽ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

«ዝም አስብይው ያልኩሽ ደግሞ እኔ።»

ሲስተሯ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና፣ የነርስ ነገር፣ «የሌሎቹን ክፍሎችስ አይተሻል?» ብላ ጠየቀች።

ወይ ጉዷ! አላየችም። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ራሷ ስትፈራ፣ ያው ጥፋት ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል ብላ አንዴም አላሰበችም። የድሮውን ጥብቅ ደንብ መልሳ የሌሎቹን ክፍሎች አርባ አንድ ፋይል በሙሉ አስነበበችው። ሰላሳ ዘጠኙ አለፉ። ሁለቱ ቀይ ሆኑ። አንዱ ለእድሳት የተዘጋ፣ ሰው የሌለበት ክፍል ነበር። ሁለተኛው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፤ የአልጋ ሦስት የልብ ምት ደወል ከእነቁጥሩ ተውጧል።

ሲስተሯ ስልኩን መነጨቀች። «አልጋ ሦስትን አሁኑኑ እዩልኝ! ማሽኑን አትመኑ፣ በዓይናችሁ እዩት! … እሺ። … ስንት ቀኑ ነው? … እሺ፣ ተመስገን።» ስልኩን አስቀመጠች። «ተኝቷል። ደህና ነው።»

እመት ጥቅስ ከስክሪኑ ቀና አለች። «ይቅር በይኝ፣ ሲስተር።»

ሲስተሯ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «የኔን ፋይል መቼ ነው ያየሽው?»

«ሴትዮዋ በሞተች ማግስት።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ሕፃኑ ከተወለደ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነው» አለች ሲስተሯ።

እመት ጥቅስ ወረቀት ሳበችና ለኮሚቴው መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው እያወቀች ዝም ያለችበትን አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።