እናቴ የተገዘተችበት ወንዝ

ሰናፍጭ ሲወቀጥ ሽታው ከአፍንጫ ይልቅ ዐይንን ነው የሚመታው። ዛሬ ጠዋት ልጄ ሰብለ ጓዳ ገብታ ስልጆ ልታዘጋጅ ሰናፍጭ ስትወቅጥ፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ዜና ሳዳምጥ፣ ያ ሽታ ድንገት መጥቶ ያዘኝና ሬዲዮውን አጠፋሁት። ዜናውም ያው ነው፤ መንገዱ ተዘጋ፣ መንገዱ ተከፈተ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ንፋስ መውጫ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን «ቁጭ በል!» ስል ኖሬ ይኸው በተራዬ ቁጭ አልኩ። ስልጆ ማለት ለማያውቀው፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኩርት ተቀምሞ፣ ማሰሮ ውስጥ ሰንብቶ የሚኮመጥጥ የጾም ምግብ ነው። በእኛ ቤት ግን የጾም ብቻ አልነበረም፤ ይህን የማወራውም ለዚያ ነው።

የተወለድኩት ስማዳ፣ ከወንዝ ዳር ካለች መንደር ነው። ስሜ ምትኩ ይባላል። የማን ምትክ እንደሆንኩ ለመጠየቅ አልደከምኩም፤ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ ሲወራ ሰምቼዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረውን ወንድሜን በክረምት ደራሽ ውሃ ወስዶታል። እናቴ እኔ ክርስትና በተነሳሁ ማግስት ወደ ንስሐ አባታችን ሄዳ፣ ይህን ልጅ ያን ወንዝ ባሻግር፣ እንዲሻገርም ብፈቅድ፣ ከሥጋ ወደሙ ልለይ፤ ይገዝቱኝ አለቻቸው። ሰው ሌላውን ያስገዝታል እንጂ ራሷን የምታስገዝት እናት ታይታ አታውቅም። እሳቸውም መከሯት፣ ለመኗት፤ እሷ ግን ልቤን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሲያለቅስ ይላላል ብላ አሻፈረኝ አለችና ገዘቷት። ከዚያ ወዲህ ራሷም ወንዙን ተሻግራ አታውቅም፤ ማዶ ዘመድ ሲሞትባት እንኳ ከወዲህ ሆና ነበር የምታለቅሰው።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ እኩለ ቀን ላይ ይጀምርና፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣራው ሥር እየተጥመለመለ፣ ሰዉና ከብቱ ባንድ ቤት ተፋፍጎ፣ አባቴ ጠፍር እየገመደ፣ እናቴ ጥጥ እየፈተለች እንውል ነበር። ወንዙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ግን እንዝርቷ ይቆምና ዐይኗ እኔን ይፈልግ ነበር። ለሽንት ወደ ደጅ ብወጣ «ምትኩ» ትላለች፣ «አለሁ» እላለሁ፤ እስክመለስ ድረስ እንዲያ እንጠራራ ነበር። ያ ጥሪ አንጀቴን ያቃጥለው ነበር። ጥጃ እንኳ የታሰረበትን ገመድ ያየዋል፤ የእኔ አይታይም።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ መማር የፈለገ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ ስንቅ እየተሸከመ መማር ነበረበት። እኔ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፤ ጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይከለክለኛል። መስከረም ጠብቶ ጓደኞቼ የበሶ አቁማዳቸውን በራሳቸው ተሸክመው ሲሻገሩ እስከ ዳሩ ሸኝቻቸው ተመለስኩ። አባቴ፣ ግዝት ነው ልጄ፣ ምን ላድርግ አለኝ። እሱም ዝም አላለም፤ ለደብራችን ቄሶች ሽማግሌ ልኮ ይፍቷት ብሎ አስለመነ፤ እነሱ ግን የገዘተው ይፍታ እንጂ ሌላው ያሰረውን እኛ አንፈታም አሉ። የገዘቷት አባት አርጅተው ገዳም ገብተዋል። ገዳሙ የት ነው ቢሉ፣ ከወንዙ ማዶ።

ኅዳር ገብስ ሲታጨድ፣ ታኅሣሥ ሲወቃ፣ ወንዙ እየሳሳ ሄዶ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ሆነ። ፍየል እየተሻገረች ቅጠል በልታ ትመለሳለች፤ እኔ መንሽ ይዤ አውድማው ላይ ቆሜ ማዶ ማዶውን አያለሁ። ክረምትስ ይሁን፣ ውሃው ነው የከለከለኝ ብዬ እጽናና ነበር፤ በጋው ነበር የባሰው። ጓደኞቼ ለገና መጥተው በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሲሰጣጡ ሰምቼ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ጠላኋት እናቴን ያኔ። አዎ፣ ጠላኋት፤ ማታ ደግሞ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ ሰናፍጭ ትፈጫለች፤ እኔ ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ዐይኔ ይንጠባጠባል። እሷም ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ይህ ሰናፍጭ ሰው ሳይሞት ያስለቅሳል ብላ ቀለደች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እስከዚያ ድረስ ያላልኩትን አልኳት።

«እምዬ፣ ወንድሜን የወሰደው ወንዙ ነው። እኔን የወሰድሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

መጁን አቆመች። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ብጠብቅ አልተቆጣኝም። እሷም መፍጨቷን ቀጠለች። ስልጆው ኮምጥጦ ሲደርስ ግን አንድ ጠዋት በቅል ሞልታ፣ ወዴት እንደምትሄድ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

አባቴ ከሩቅ ሆኖ ተከተላት። ኋላ እንደነገረኝ፣ ወንዙ ዳር ደርሳ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አማትባ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ በዚያች ኢምንት ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች አለፈች። ልጇ የተወሰደበት ያው መሻገሪያ ነው።

ስትመለስ ተፈታ ነበር፤ በነጻ ግን አልነበረም። ገዳም ያሉት አባ ስልጆውን ቀምሰው፣ መርቀው፣ ግዝቱን አንስተው በፋንታው ቀኖና ሰጧት፤ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ቅቤም፣ ወተትም፣ ሥጋም እንዳትቀምስ። ፋሲካ ሆነና ቤተሰቡ ሁሉ ዶሮውን ከቦ ሲፈስክ፣ እሷ ከማዕዱ ጥግ በስልጆ ቆርሳ በላች። ጎረቤቶቻችን፣ አንቺ ሴት፣ ዘንድሮ ፋሲካ አልደረሰሽም ወይ እያሉ ሲቀልዱባት፣ የእኔ ፋሲካ ወገዳ ነው ያለው እያለች ትስቅ ነበር።

መስከረም ሲመጣ ወንዙ ገና እንደደፈረሰ ነበር። እስከ ዳሩ መጣች፤ ስንቄን በትከሻዬ አስተካከለችልኝና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሂድ» አለችኝ። «ዞረህ እንዳታየኝ። ካየኸኝ እጠራሃለሁ።»

አባቴ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ጆሮዬ ከኋላዬ ሆኖ ቢቀርም አንገቴን አላዞርኩም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህር ሆኜ ስመለስ ቅቤ ይዤላት መጣሁ። አንጀቷ ግን ቅቤ ረስቶ ኖሮ አልተስማማትም፤ እስክታርፍ ድረስ ስልጆ ስትበላ ኖረች።

አሁን ወደ ሰብለ ልመለስ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለት ነን። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጎንደር ሄዳ ትምህርቷን እንድትቀጥል ዕድል ካገኘች ሰንብታለች። እኔም መንገዱ ይጣራ፣ መንገዱ ይጣራ እያልኩ ይኸው ክረምቱ አለፈ፣ በጋው እየተጋመሰ ነው። ውሸት አልተናገርኩም፤ መንገዱ እውነትም ያስፈራል። ግን የጎረቤት ልጆች ሄደዋል፣ ነጋዴው ይመላለሳል፣ እኔም ለራሴ መድኃኒት ከደብረ ታቦር በዚያው መንገድ አስመጥቻለሁ። መንገዱ እንደ ወንዛችን በጋ አለው፤ ግዝቱ ነው በጋ የሌለው። እኔን ደግሞ ማንም አባት አልገዘተኝም፤ ገዳም ድረስ ሄጄ ፍቱኝ የምለውም የለም።

ዛሬ ማለዳ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ መንገዱ ተከፍቷል አሉ። መኪና ሊወጣ ነው። ምን ይሉኛል?»

እናቴ ያለችው ቃል አፌ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ሂጂ። አልወጣልኝም፤ ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ጉልበቴን ስማ ወጣች። ግቢውን ስታቋርጥ በመስኮት አየኋት፤ የውጭውን በር ከፈተች። ያኔ ነው «ሰብለ!» የሚል ድምፅ የሰማሁት፤ የእኔው ድምፅ ነበር። ተመለሰች። ምነውም አላለችኝ፤ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር አስቀምጣ፣ ጓዳ ገብታ፣ ሙቀጫውን አውጥታ ሰናፍጭ መውቀጥ ጀመረች።

እስካሁን ትወቅጣለች። እናቴ ልቧን ታውቀው ነበርና፣ ዞሬ ካየኋት እንደምትጠራኝ ፈርታ እንዳልዞር አዘዘችኝ። ልጄ ግን አልዞረችም ነበር። ሳትዞር ነው የጠራኋት።