እየሰማኋት ያልሰማኋት ልጅ

ጥሬ ባቄላ እቤቴ አይገባም። የተከካውን እገዛለሁ፤ ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ በወገቤ አሳብቤ፣ ጎንበስ ብዬ መልቀም አልችልም እላለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን ጎረቤቴ አንድ ሰፌድ ባቄላ ይዛ መጣችና «እየተጫወትን እንልቀመው» ብላ ቁጭ አለች። ያ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ አፍንጫዬን እንደነካኝ፣ የሁለት ዓመት ልጇ አንዷን ፍሬ አንስታ ወደ አፏ ሰደደቻት። እንዴት ከተቀመጥኩበት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሰፌዱ ተገልብጦ፣ ባቄላው ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ እኔ የሕፃኗን ጉንጭ በሁለት ጣቴ ይዤ እጮኻለሁ። የጮኽኩት በኦሮምኛ ነበር። «ኧረ ምነው ይሄን ያህል!» አለች ጎረቤቴ ደንግጣ። እሷ ምን ታውቃለች? ላንቺ ግን ልንገርሽ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሰላ በመምህርነት እሠለጥን ነበር፤ ልመረቅ የቀረኝ አንድ መንፈቅ ነበር። በዚያ መንፈቅ እያንዳንዳችን ከከተማው ዳርቻ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመድበን ለአንድ ወር ማስተማር እንለማመዳለን። እኔ የደረሰኝ ወደ ጭላሎ ተራራ መውጫ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ነበር። ሥራዬ እቤታቸው ኦሮምኛ ብቻ ለሚናገሩ ልጆች አማርኛ ማስተማር ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን። ክፍል ውስጥ ከአማርኛ በቀር አንዲት ቃል አትወጣም። ኦሮምኛ የምንችለው ደግሞ እንደማንችል መሆን ነበረብን። «ልጆቹ እንደምትሰሟቸው ካወቁ አማርኛውን ለመሞከር አይለፉም። ስለዚህ ደንቆሮ ሁኑ!» ይለን ነበር ተቆጣጣሪያችን፤ ካኪ ልብሱ ናፍታሊን የሚሸት፣ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ የማይጠፋ ረጅም ሰው። እሱ ራሱ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነበርና ኦሮምኛ አይሰማም፤ ከእኛም ማን እንደሚችል ለይቶ አያውቅም። ክፍል ኋላ ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጠንም እሱ ነው።

እኔ ደግሞ አሰላ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ በአማርኛ ሲቆጣኝ እናቴ በኦሮምኛ ታባብለኝ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ፣ ያን ዓመት በሩን እየዳበሰች ነበር የምትወጣው። በልምምዱ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ አሰላ ይቀራል፣ ሌላው በዕጣ የትም ይበተናል ይባል ነበር። እውነት ይሁን ወሬ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። እኔ ግን አምኜዋለሁ። ዕጣው ሩቅ ቢጥለኝ እናቴን ማን ይመራታል? ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ደንቆሮ መሆን መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽሽም። ልጆቹ ፊት ለፊቴ ቆመው ስለ እግሬ ቅጥነት ይከራከራሉ። አንዱ «ነፋስ ሲመጣ ምኗን ይዛ ትቆማለች?» ሲል ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እዞራለሁ። ክፍሉ እርጥብ ጋቢና ጠመኔ ይሸታል፤ ጉሙ መስተዋት በሌለው መስኮት እየገባ የመጨረሻውን አግዳሚ ይሸፍነዋል።

ክፍሌ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቋ አሥር ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ ትንሿ እስክትደርስላት ተጠብቃ፣ ሁለቱ አብረው እንዲመላለሱ በአንድ ቀን የተመዘገቡ ናቸው። ታላቋ አዘነችልኝ። አገሩ ገብታ የሰዉን ቋንቋ የማታውቅ ምስኪን መስያት፣ በዕረፍት ሰዓት ቀሚሴን ይዛ እየጎተተች ታስተምረኝ ጀመር። ወደ ውኃው በርሜል ጠቁማ «ቢሻን» ትላለች። እኔ ሆን ብዬ አፌን አጣምሜ «ቢ... ሻ...» እላለሁ። ራሷን ነቅንቃ ትደግምልኛለች። በመጨረሻ ሲሳካልኝ ታናሿን ጠርታ ሁለቱም ያጨበጭቡልኛል። ከክፍሉ ሁሉ የእሷን ያህል የታገሠ አስተማሪ አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

ተቆጣጣሪው ለዋናው ነጥብ የመጣ ዕለት ትምህርቱ ስለ እህል ነበር። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ራሱን የቻለ ነጥብ አለው። ጓደኞቼ በካርቶን ላይ ሥዕል ሲስሉ፣ እኔ ብልጥ ነኝና እውነተኛውን እህል ላመጣ ወሰንኩ። እናቴ ጆንያው ውስጥ እጇን ከትታ፣ በጣቶቿ እየዳበሰች ትልልቁን ባቄላ መረጠችልኝ። «ልጆቹ ደኅና አድርገው እንዲያዩት» አለች።

ተቆጣጣሪው ኋላ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ፍሬ አደልኩ። «ይህ ምንድን ነው?» ስል «ይህ ባቄላ ነው!» እያሉ የጣሪያውን ቆርቆሮ አናጉት። ቀዩ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። በልቤ «እማዬ፣ አሰላ ቀረሁልሽ» አልኩ።

ታላቋ ድንገት ብድግ አለች። «ሁዸምቴ!» አለች።

ታነቀች ማለቷ ነው። ሰማሁ። እንደ እናቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ። ትንሿ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ሳታወጣ አንገቷን ይዛለች። እኔ ግን፣ ኧረ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ አየሁ። ከዚያ ለሳምንታት የለመድኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «እጅ አውጥተሽ! በአማርኛ!»

ልጅቷ እጇን አወጣች። ታምኛለሽ? እህቷ ከጎኗ እየታነቀች እሷ እጇን አወጣች። ያላትን አማርኛ ሁሉ ስትፈልግ አየኋት። ያላት ባለፈው ሳምንት ስለ ቤተሰብ ያስተማርኳት ብቻ ነው። ወደ ትንሿ ጠቁማ «ይህቺ... ይህቺ እህቴ ናት» አለች።

«ጎበዝ! አጨብጭቡላት» አልኩ።

ክፍሉ አጨበጨበ። አርባ ልጅ ሲያጨበጭብ የትንሿ ከንፈር ጠቆረ። ጭብጨባው መሀል ታላቋ «ይህቺ እህቴ ናት! ይህቺ እህቴ ናት!» እያለች ትጮኻለች። እኔ እግሬ መሬት ላይ ተተክሏል።

አግዳሚ ሲወድቅ ሰማሁ። ኦሮምኛ የማይሰማው ያ ሰው ልጆቹን እየገፈተረ መጥቶ ትንሿን ከወገቧ አንስቶ ዘቅዝቆ ያዛት። በመዳፉ ጀርባዋን ደጋግሞ መታት። ባቄላዋ ወለሉ ላይ ወደቀችና እስከ ጫማዬ ድረስ ተንከባለለች። ከዚያ ልቅሶው መጣ። እንደዚያ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ተቆጣጣሪው ላቡን እየጠረገ ዞረብኝ። «ይቺ ልጅ ቅድም ምን እያለች ነበር?»

«አልገባኝም፣ ጓድ መምህር» አልኩ።

አየሽ፣ የመጀመሪያውን ድንጋጤ ነው እላለሁ፤ ሁለተኛውን ግን አስቤበት ነው የዋሸሁት። በነጥብ ወረቀቱ ላይ ኦሮምኛ እንደምችል ይጻፋል፣ እየሰማች ዝም አለች ይባላል ብዬ ፈራሁ።

ውጤቱ በሳምንቱ ደረሰኝ። ጥሬ እህል ለሕፃናት በማደሌ ከመርጃ መሣሪያው ነጥብ ቀንሶብኛል። ዝቅ ብሎ «ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ያለመጠቀም» የሚል ረድፍ ነበር። እዚያ ላይ በቀይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶኛል። ወረቀቱን አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ ሸሸግኩት። አሰላ ግን ቀረሁ። እናቴ ስትሰማ መሬት ሳመች። ዓይኗ ፈጽሞ እስኪጠፋና እስክትሞት ድረስ እጇን ይዤ መራኋት። ለማን ብዬ እንደዋሸሁ አንድ ቀንም አልነገርኳት።

የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት ልጆቹ ሲበተኑ እህትማማቾቹን በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ተቆጣጣሪው የለም፣ ነጥቡም ተሰጥቷል። ትንሿ የእኔን እጅም የእህቷንም እጅ ይዛ በመካከላችን ቆመች። ይቅርታ መጠየቅ ነበር ያሰብኩት። ጎንበስ ብዬ ታላቋን በኦሮምኛ «የእህትሽ ጉሮሮ አሁንም ያማታል? ማታስ ትተኛለች ወይ?» አልኳት።

መጀመሪያ ፊቷ በራ። ያስተማረችኝ ፍሬ ያፈራላት መሰላት፤ ልታጨበጭብልኝ እጇን ሁሉ አነሣች። ግን «ቢሻን» ከሚለው አንድ ቃል እንዲህ አጥርቶ እስከ መናገር ድረስ ሩቅ ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ያን ቀንም ይሰሙ ነበር?» አለችኝ በቋንቋዋ፣ በአክብሮት።

ልጅቷ መልሴን አልጠበቀችም። የእህቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጄ አላቀቀች። ትንሿን እኔ ካለሁበት ወገን አንስታ በሌላኛው ጎኗ አደረገቻትና ይዛት ሄደች።