ለማደጊያ የተተወ

ሽማግሌው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር በሆነው መኪና ግርግር ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የስፌት መኪናቸውን ከሸጡ ወዲህ ጀማሪዎችን የምታስተምረው ኑሀ ዘንድ እየመጡ፣ ባለቀለም መስታወት ቆርጦ ለመስኮት መግጠም ይማራሉ። ሜትራቸው ግን አሁንም ከአንገታቸው አይወርድም። ከጀማሪዎቹ መሀል መቁረጫ ሲይዙ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአራተኛው ቀን የቆረጡት መስታወት አንዱም ከንድፉ ጋር አልገጥም አለ። ቀዩም ሰማያዊውም ዙሪያውን ጣት ያህል ይተርፋል።

«አባባ፣ ይሄ ትርፍ ለምንድን ነው?» አለች ኑሀ።

«ለእጥፋት ነዋ! ልጅ ሲያድግ ይፈታል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«መስታወት እኮ አይታጠፍም!» ሳቋ አመለጣት።

ሽማግሌው በጠመኔ ያሰመሩትን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አጠፉት።

«ወላሂ እውነትሽን ነው። አርባ ዓመት ለሰው ልጅ ማደጊያ እየተውኩ ኖርኩ፤ ልጆቹ አደጉና ተሰፍቶ የመጣ ገዙ።»

ኑሀ ከቡቲክ የገዛችውን ጃኬት እጅጌ ሳብ አደረገች። ልጅ ሳለች አንድ ዩኒፎርም፣ በየመስከረሙ ጫፉ እየተፈታ፣ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል አድርሷታል። ማን እንደሰፋላት ጠይቃ አታውቅም። አሁንም አልጠየቀችም።