በሕማማት መፍታት የለም

የእህቴን የእናኑን ማረፍ የሰማሁት አሶሳ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ከላስታ ደውሎ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ «ቁጭ በይ» ሲለኝ ገባኝ። «እትዬ፣ እናኑ ልብስ ልታጥብ ወንዝ እንደወረደች በሽታዋ እዚያው ጣላት። ሰው ሳይደርስላት ቀረ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ እስክቀመጥ እንባ አልመጣልኝም። ሲመጣ ያለቀስኩት ለስምንት ዓመቷ እናኑ ነበር።

ያደግንበት ቤት ላስታ ውስጥ፣ ከዓለት ከተፈለፈለችው ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም። ታናሽ እህቴን የሚጥል በሽታ የጀመራት ድርቁ ባለፈ በዓመቱ፣ ደርግ ገበሬውን ሁሉ እርከን ሥራ ባወጣበት ጊዜ ነው። ከልጆች ጋር ቅልልቦሽ እየተጫወተች ጠጠሩን ወደ ላይ ትወረውርና ሳትቀልበው ትወድቃለች። ጎረቤት «ለክፏት ነው» እያለ ይሰበሰብና ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያጨስላታል፤ አረፋዋ እንዳይነካው ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስትነቃ እንቅልፍ የጠገበች ትመስልና «ጠጠሬን ማን ወሰደብኝ?» ትላለች።

እናቴ አዝላት ላሊበላ ጤና ጣቢያ ወረደች፤ እኔም ተከተልኩ። ለእርዳታ የመጣች አንዲት የውጭ ሐኪም አየቻት፤ የምትለውን የሚያስረዳን የጣቢያው አስታማሚ፣ ድሬሰሩ፣ ነበር።

«እናት፣ ይሄን ክኒን በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ትዋጥ። አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ! ክኒኑ ብቻውን ላይበቃት ስለሚችል ደግሞ ቅባት ይብዛላት፣ ቅቤና እንቁላል። እህል ይቀነስላት።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «እህሉንስ እግዜር ራሱ ቀንሶልናል፣ የኔ ጌታ!»

ቢሆንም አደረገችው። ብልባላ ያለችው አክስቴ ቅቤ በቅል ትልክልናለች፤ ዶሮዎቻችን የጣሉት ሁሉ የእናኑ ሆነ። ክኒኑ ስለሚያንቃት ግማሹን አውራ ጣት በምታክል ቅቤ ውስጥ እንወሽቅላትና ትውጠዋለች። እናቴ በማለዳ እርከን ስለምትወጣ ሥራው የኔ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የወተትና የጭስ ሽታ ያለውን ያን ቅቤ በጣቴ ስዝቅ ራሴን እንደ ሐኪም እቆጥር ነበር። ደግሞም መድኃኒቱ ያዘላት፤ ከጥምቀት በኋላ የጣላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ የነፍስ አባታችንን ጠየቀቻቸው። «ለታመመ መድኃኒት ነው እንጂ ፍስክ አይባልም። ፈትቻታለሁ፣ ትብላ» አሉ። የሰፈር ልጆች ግን አልፈቷትም። በደጃችን ሲያልፉ ይዘፍኑባታል፦ «ገዳፊት፣ ገዳፊት፣ ፋሲካን ቀዳሚት!» እናኑ መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። በኋላ ቅቤውን ጓዳ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መብላት ጀመረች።

የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ሁሉ ፍትሐት ተደረገ። የነፍስ አባታችን ዘንባባ እንደያዙ፣ «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ እስከ ትንሣኤ መስቀል መሳለም የለም፣ መፍታትም የለም» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደግሞ የሰማሁትን የማልረሳ፣ ከሰንበት ማኅበር ሴቶች ጋር ቆሜ የማስቀድስ ልጅ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። እናኑን የፈቱ እሳቸው ናቸው፤ በሕማማት ደግሞ መፍታት የለም። እንግዲያው ይህን ሳምንት ቅቤ ከበላች ፍትሐቱ አይይዝላትም፤ ኃጢአቱም ቅቤውን በማቀርበው በኔ ላይ ነው። ሰው ብጠይቅ ኖሮ «እሱ የሙታን ፍትሐት ነው፣ የሕመምተኛ አይደለም» የሚል አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ቅሉን አልከፈትኩም። ክኒኑን በውሃ ሞከርንና አንቋት ተፋችው። «ይቅር፣ ለአምላክ ነው» አልኳት። «እውነት? እኔም ጾመኛ ሆንኩ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወጥታ ለልጆቹ ሁሉ ነገረቻቸው። እናቴ ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ስለምትውል አላወቀችም፤ ያልተዋጡትን የየቀኑን ክኒኖች በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው። ሐሙስ ዕለት ጉልባኑን ከልጆች ጋር በሁለት እጇ እየዘገነች ስትበላ፣ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ከዓለቱ በተፈለፈለው ግቢ ሕዝቡ ሲሰግድ እናኑ አጠገቤ እየሰገደች ነበር። አንዱን ስግደት ሳትነሣ ቀረች። ሲለቃት መልሶ ይጥላታል፣ ሲለቃት መልሶ። ሰው ከበበን፣ ክብሪት ተጫረ። እናቴ ጭንቅላቷን በጭኗ ይዛ፣ «ክኒኑም አልያዛት፣ ቅቤውም አልያዛት! ፈረንጅ አታለለኝ!» ብላ ጮኸች። የነጠላዬን ቋጠሮ በእጄ ጨብጬ ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ወደ ጤና ጣቢያ አልተመለሰችም። ጠበል ለጠበል ዞሩ። እናኑ ግን አንድ ቀን አላጋለጠችኝም። ካደግን በኋላ ስለዚያ ሳምንት ላነሣባት ስል፣ «ተይ እስቲ፣ እሱን ሳምንት እንኳ እንደ ሰው ጾሜያለሁ» ብላ አስቆመችኝ። ትምህርት አልገባች፣ አላገባች፣ ምድጃ ላይ እየጣላት እሳት ሁለት ጊዜ በላት።

አሁን በምኖርበት ሰፈር የጎረቤቴ ልጅ ይኸው በሽታ አለበት። እናቱ ክኒኑን በሰዓቱ ትሰጠዋለች፣ ጠበሉንም ታስጠምቀዋለች፤ ካህኑም ሐኪሙም «አንዱን በሌላው አትተዪ» ብለዋታል። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ያንን የቅባት ምግብ በሚዛን እየለኩ፣ ደም እየመረመሩ እንደሚሰጡ ነግረውኛል። ልጁ ደብተሩን ይዞ በደጄ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። ሰላምታውን እመልሳለሁ፣ ከዚያ በሩን እዘጋለሁ።

ያን ዓርብ ግቢው ውስጥ የነበራችሁ፣ ዛሬ በሕይወት ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የእናቴን ጩኸት ሰምታችኋል፤ ወሬው ከመንደር መንደር ሄዷል። ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት በዚያ ወሬ የልጇን ክኒን እንዳስጣለች ኋላ ሰምቻለሁ። ሌሎችም አይጠፉም። «ክኒኑ አልያዛትም» ብላችሁ የነገራችሁት ሰው ካለ፣ እሱ ባይኖር ለልጁ፣ ልጁ ባይኖር ለልጅ ልጁ ሄዳችሁ ንገሩልኝ፦ ልጅቷ ያን ሳምንት ክኒኑን አልዋጠችም ነበር፤ ያስቀረችባት እህቷ ናት።