የባቡሩ የውኃ ተራ

የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው «እማማ፣ ባቡር ሆድ ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ አሉ፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። እየሳቁ ነው የሚጠይቁኝ። እውነት ነው። ንገሪን ካላችሁ እነግራችኋለሁ፤ ግን እኔ ያን ቀን ሳስበው ሳቅ አይመጣልኝም።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሱቅና ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ያላት አንዲት የቆላ ከተማ ተቀምጠን ነበር። ባለቤቴ የመኪና ብረት ጠጋኝ ነው፤ ሥራ ባለበት እንሰፍራለን፣ ሲያልቅ እንነሣለን። ሻኪሶም ተልተሌም የኖርነው እንዲሁ ነው።

በከተማዋ ዳር ጣልያን ጥሎት የሄደ የእንፋሎት ሞተር ቆሟል። አራት የብረት ጎማ፣ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ እንደ እርጉዝ ላም የተነፋ ሆድ አለው። በሐዲድ የሚሄድ አይደለም፤ ቆሞ ነው የሚሠራው። በሰፊ ቀበቶ ፓምፕ እያዞረ አጠገቡ ካለው ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ያወጣ ነበር አሉ። ሰዉ ግን ባቡር ይለዋል፣ እኛም ባቡር አልነው። እባብ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይተኛል ይባል ስለነበር አጠገቡ የሚያልፍ አልነበረም።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ቦናው፣ ማለት በጋው፣ አላልቅ አለ። ያለው ውኃ ከከተማው ቁልቁል ርቆ ያለ የቦረናዎች የጥንት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ እሱም ለከብቱ እንኳ አልበቃ ብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ባቡሩን እናስነሣው የተባለው። ማንም አላዘዘም፣ ደመወዝ የሚባል ነገርም አልነበረውም። ሥራውን የሚያውቀው ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ባቡር ላይ እሳት ሲያነድ አርጅቶ፣ ልጁ ዘንድ ሊጦር የመጣ። አባባ እንለዋለን። የብረቱን ሥራ ባለቤቴ ያዘ። ቀበቶውንና ቅባቱን ባለሱቁ ሰጠ። አርብ ከስግደት በኋላ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ እየተሰበሰብን ዝገት መፋቅ ሆነ።

የሆዱን ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይዞት ነበር። የአገሩ ውኃ ሲፈላ ድስት ላይ የሚተወው ነጭ ነገር የለም? ያ ነው፣ እንደ ጣት ወፍሮ። ካልተፋቀ ብረቱ ይቃጠላል አለ አባባ። መግቢያው ጠባብ ነው፤ ወንዶቹ ትከሻቸው አልገባም አለ። ያን ጊዜ እኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«እሷን ተዉአት» አለ ባለቤቴ።

«አንተን ቀብተን እናስገባህ ይሆን? ቅባቱን ሁሉ ትጨርሰዋለህ እንጂ አትገባም» አለው ባለሱቁ።

ገባሁ። ጨለማ ነው፣ የዝገት ሽታ ነው። ከሥሬ የእሳት ቱቦዎቹ ተደርድረው ደረቴን ይወጉኛል። በመዶሻዬ ስመታ ድምፁ ተመልሶ ጆሮዬን ይደበድበዋል። ባለቤቴ ከውጭ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ነበር፤ ለቀቅ ባደረገ ቁጥር የምቀር ይመስለኛል። ስወጣ አባባን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ይኼ ነገር ይፈነዳል ይላሉ።»

«እውነታቸውን ነው» አለኝ፣ አላለሳለሰልኝም። «እነዚያን የተኛሽባቸውን ቱቦዎች አየሻቸው? ውኃው እነሱን ከሸፈነ በግ ነው። ከሸሸባቸው ግን ብረቱ ይግላል፤ ከዚያ ወዲያ በፊቱ የቆመ ሰው አይገኝም።»

በፊቱ የሚቆመው ባለቤቴ ነው። እሳቱን የሚያነደው እሱ እንዲሆን ተስማምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፤ ዓይኔን ስከድን ደርቀው የቀሉ ቱቦዎች ይታዩኛል።

ሆዱ የሚሞላበት ውኃ ከዚያ ከጥንቱ ጉድጓድ መምጣት ነበረበት። አባባ፣ ባለቤቴና እኔ ልንለምን ወረድን፤ እኔ ኦሮምኛ ትንሽ ስለምሰማ ነው። እዚያ ተራ የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ አለ፣ አባ ሄሬጋ ይሉታል። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ ይጠጣል የሚለውን የሚያዝ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቃል ጥጃ እንኳ ገንዳው ላይ አትደርስም።

«አካም፣ ናጋ?» ተባባልን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሣሩ ተጠያየቅን። ከዚያ ነገሩን ነገርነው።

«ምን ያህል ይጠጣል?» አለ ሽማግሌው።

«ኧረ እሱማ እንደ አንድ መንጋ ነው» አለ አባባ ለቀልድ።

ሽማግሌው አልሳቀም። ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው ተራ አለው» አለ። እኛ ፈቀደ ብለን ደስ አለን።

በተራው ቀን ወጣቶቹ ጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ የቆዳ ባልዲውን እየተቀባበሉ ቀዱልን። በአህያ አመላለስነው፤ ሆዱ ሞላ፣ የተረፈው በርሜል ውስጥ ገባ። በማግሥቱ እሳት ተለኮሰ።

ግራር ነበር የሚነደው፤ ግራር ደግሞ ፍሙ ቶሎ አይሞትም። ረፋዱ ላይ፣ ሰዓት የመሰለችው የእንፋሎት መለኪያ መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ከላይ ያለው የእንፋሎት ማስተንፈሻ ክዳን ሲጮህ ሰዉ ተበተነ፤ እኔም ሮጬ ነበር፣ ባለቤቴ ሲስቅብኝ አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ትልቁ ጎማ ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ፓምፑ ግን አየር እየሳበ ይንጫጫል እንጂ ጠብታ አላወጣም። አባባ ትንሽ ይሥራ፣ ይመጣል አለ። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ ሲሉ ለሆዱ የሚጨመረው የበርሜሉ ውኃ አለቀ።

በባቡሩ ጎን ውኃው ምን ላይ እንደደረሰ የምታሳይ የመስታወት ቱቦ አለች። እኔ ዓይኔን ከእሷ ነቅዬ አላውቅም። ውኃው ወደ ታች ሲወርድ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት።

አባባ ጎማውን አቆመና «እሳቱን አውጣ» አለው ባለቤቴን። ግንዱ ትልልቅ ነው፤ ሲገባ በእርግጫ ነው የገባው፣ በዚያች በር አይወጣም። «አፈር ጨምርበት» አለው። ባለቤቴ በአካፋ አፈር ይወረውር ጀመር፣ በሩ ፊት ቆሞ።

«ተወውና ና» አልኩት።

«ብተወው ከተማው ላይ ነው የሚፈነዳው። አንቺ ሂጂ፣ ውኃ አምጪ።»

«አፈሩ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም» አለኝ አባባ ቀስ ብሎ። «የምንተርፈው ከመስታወቱ ሳይጠፋ ካመጣሽ ነው። ከጠፋ በኋላ ግን እንዳትጨምሩ፤ በጋለ ብረት ላይ ውኃ ራሱ ነው የሚገድለን።»

ሮጥኩ። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ። እየሮጥኩ ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ያ ድምፅ መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ የሌላ ሰው የከብት መንጋ እየጠጣ ነው፤ ዘፈኑ ደርቷል። ሽማግሌው በትሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ለባቡሩ ውኃ» አልኩ።

«እሱ ትናንት ጠጥቷል» አለኝ በእርጋታ። «ከብት በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣ። ተራው ነገ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። የአባባን ቀልድ ይዞ ባቡሩን ከመንጎቹ ጋር አሰልፎታል። እሳት ካለበት በየሰዓቱ እንደሚጠማ ማንም አልነገረው፤ እኛም አልጠየቅነው። ላስረዳው ብል ኦሮምኛዬ ከአፌ ጠፋ፤ ብረት፣ እሳት፣ ውኃ፣ እያልኩ እጄን አወናጭፋለሁ። የመንጋው ባለቤት ተቆጣ፤ «ይቺ ሴት የላሞቼን ተራ ልትበላ ነው?» አለ።

የሽማግሌውን ጉልበት ያዝኩ። «ባሌ እፊቱ ቆሟል፣ ኦቦ። ውኃው ካለቀ ይሞታል» አልኩት።

ዝቅ ብሎ አየኝ። «ውኃው ለብረቱ ነው ለባልሽ?»

«ለባሌ።»

ሽማግሌው በትሩን አነሣና ዘፈኑ ቆመ። «ሰው ተራ የለውም» አለ ለወጣቶቹ። መንገደኛ ሲጠማ መንጋ ቆሞም ቢሆን ይጠጣል፤ የጉድጓዱ ሕግ ነው። ባለ መንጋው አጉረመረመ። ገንዳው ውስጥ ያለውን ውኃ አህያ ላይ ጫኑ፤ የቀረውን ወጣቶቹ በትከሻቸው ይዘው ከእኔ ቀድመው ሮጡ።

ስደርስ ባለቤቴ እዚያው ነው። ቅንድቡ ተለብልቧል፣ አሁንም አፈር ይወረውራል። አባባ ከመስታወቷ ፊት ተንበርክኮ «አለ፣ ገና አለ» ይላል። ከታች ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ውኃ ትዋልላለች። በእጅ ፓምፕ አስገቡት። መስታወቷ ስትሞላ ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ፓምፑን ፈትተው አየር ያስገባ የነበረውን ያረጀ ቆዳ ለወጡለት፤ በሌላ ጊዜ ሲያስነሡት ውኃ አወጣ፣ እስከ ዝናቡም አደረሰን። ከዚያ እኛም ተነሥተን ሄድን። ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌውን ልሰናበተው ወርጄ ነበር። «ናጋ» አለኝ፣ «ባልሽ ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እኔም አርጅቼ፣ ነገሌ ገበያ ወተት ከምትሸጥ ሴት ጋር ተዋወቅሁ። ከየት ነሽ ስላት የዚያ ሽማግሌ ልጅ ሆና ተገኘች። እሷ ነች የነገረችኝ። ባለ መንጋው አባቷን ከሶ ሽማግሎች ተቀምጠው ነበር፤ ውኃውን ሰው አልጠጣውም፣ ብረት ነው የጠጣው ብለው ፈረዱበት። ተራ በማፍረስ ቀጥተውት፣ የሚታለቡ ላሞቻቸውን ለባለ መንጋው ሰጥቷል። ያን ቦና እሷና ወንድሞቿ የጎረቤት ወተት እየተሰጣቸው ነው የከረሙት።