ሲገባም፣ ሲወጣም

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ወረንጦ» ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረንጦ ከእጇ ስላልተለየ የወጣላት ስም ነው፤ ነገር ስትይዝም እንደዚያው ናት፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ቁጡ ናት። ይህን ራሷም አትክድም። «እኔ ባልቆጣ ኖሮ ይሄ ቤት እስከ ዛሬ በአቧራ ተቀብሮ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው።

ሥራዋ ከድሮ ዕቃ ጋር ነው። ሙዚየም ሳንቲም፣ ማኅተም፣ የአንገት ጌጥ ይልካል፤ እሷ ዕቃውን እየያዘች ከጨረሩ መውጫ ፊት ታቆማለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው አውቶቡስ የሚያህል ማሽን ፕሮቶን የሚባሉትን ደቃቅ ቅንጣቶች አፍጥኖ፣ ቀጭን ክር አድርጎ ይለቅበታል። ዕቃው ሳይፋቅ ሳይሸረፍ በውስጡ ያለው ሁሉ ለየራሱ መልስ ይሰጣል። ብረቱ በብረትነቱ፣ እርሳሱ በእርሳስነቱ ኮምፒውተሩ ላይ ጉብ ጉብ እያለ ይወጣል። ሰው ይዋሻል፣ ወረቀትም ይዋሻል፤ ጉብታው ግን አይዋሽም። ወረንጦ ማሽኑን የምትወደው ለዚህ ነው።

ሰዉን ሁሉ የሚያናድድ አንድ ልማድ አላት። ዕቃ ሲመጣ ትለካለች፤ ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ ደግሞ፣ ከማስረከቧ በፊት፣ እንደገና ትለካለች። ሲገባም፣ ሲወጣም። ይህን አድርጊ ያላት የለም። ዳይሬክተሩ፣ ያ በተማሪነቱ ዕቃ አያያዝ ያስተማረችው ሰው፣ «የማሽን ሰዓት ያባክናሉ» እያለ በማስጠንቀቂያ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፍባታል። ጸሐፊዋ ታዘጋጃለች፣ እሱ ሳያነብ ይፈርማል። ወረንጦም ትቀበልና መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ያንኑ ታደርጋለች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠርቷት አንድ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ገፋላት። ከሙዚየሙ የመጣ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተለክቶ የተመለሰው ሐብል መሐሉ ላይ ያለው መረግድ፣ ያ ትልቁ አረንጓዴ ዕንቁ፣ ቀለሙ ሞቷል፤ ጨረር በዝቶበት ነው፤ ያበላሸው ሰው ይጠየቅልን ይላል።

«እትዬ፣ ነገሩን አናካብደው» አላት። «ጨረሩን ሳላስበው አቆይቼበታለሁ ብለው ይፈርሙ። ጡረታዎ አምስት ወር ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ሽኝትዎን በክብር…»

«ጨረሩን ያቆየሁበት ዘጠና ሴኮንድ ብቻ ነው።»

«ሰው ነን እኮ፣ እንሳሳታለን።»

«እርስዎ ይሳሳቱ! እኔ በዚህ እጄ የነካሁት ዕቃ ጭረት ወጥቶበት አያውቅም!»

በሩን ዘግታ ወጣች ማለት ያንሳል። መስኮቱ ነው የተንቀጠቀጠው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው! ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቅርስ እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቅ ኖራ፣ በመጨረሻ የምትሸኘው «አበላሽታ ሄደች» ተብላ ነው?

ማታ ለባለቤቷ ነገረችው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠብ አይወድም።

«ፈርመሽ አትገላገይም? ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ነው? ሰው ሳትገጭ ገጭቻለሁ ብለህ ፈርም ቢሉህስ?»

የተበጠሰ ቁልፍ እየተከለ ነበር፤ ክሩን በጥርሱ ቆረጠና፣ «አልፈርምም» አለ።

«እንግዲያው እኔንም አትምከረኝ» አለችው። እሱም አልመከራትም።

ሐሙስ ዕለት የሙዚየሙ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሐብሉን ራሱ ይዞ መጣ። ያኔም የወሰደው እሱ ነበር። ሰዓቱን እያየ የሚያወራ ሰው ነው። ሣጥኑን ከፍቶ፣ «ይኸው ጉዳችሁ!» አለ።

ወረንጦ በአጉሊ መነጽር አየችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጨረሩ ፊት ይቁም» አለች።

«ደግሞ ልታቃጥይው?» አለ ዳይሬክተሩ።

በ«አንቺ» ጠራት! «እትዬ» እያለ ከእጇ ሥራ የተማረ አፍ ነው። ሰምታዋለች፤ ለጊዜው ዋጠችው። ዕንቁውን አስተካክላ አቆመች፣ በሩን ዘጋች፣ ሦስቱም ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። ለመረግድ አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ክሮሚየም የሚባለው ብረት ነው፤ ጉብታው በሚወጣበት ቦታ ላይ ምንም የለም። በእሱ ፈንታ እርሳስ ተቆልሎ ወጣ።

«ጨረር ድንጋይ ያጠቁር ይሆናል እንጂ እርሳስ አይወልድም» አለች። «ይሄ ቀለም የገባበት መስታወት ነው። ዕንቁው ተለውጧል።»

ኃላፊው አፍታም አልቆየ። «እንግዲያው እዚሁ ነዋ የተለወጠው! መረግድ አስገብተን መስታወት ሰጣችሁን። ሲገባ መረግድ እንደነበር የራሳችሁ ሪፖርት ይመሰክራል!»

ያኔ ዳይሬክተሩ እጇን አየ። ከእጇ ቀጥሎ የትከሻ ቦርሳዋን አየ። አበላሺ መባሉን ትችለው ነበር፤ ያን ዓይን ግን አልቻለችውም። እንባዋ በንዴት መጣ፣ በንዴትም መለሰችው።

«ሲወጣም ለክቼዋለሁ። መረግድ ነበር። ፋይሉ አለ።»

«ፋይልማ በኮምፒውተር ይሠራል» አለ ኃላፊው። «እኔ ያን ቀን ውጭ ተቀምጬ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ማንም ሲለካ አላየሁም።»

«ውጭ ተቀምጠው ነበር? ጥሩ። ይህችን ቃል አይርሷት።»

ሄዳ መሳቢያዋን ከነጓዙ አወጣችው። አሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዷን በወረንጦዋ ቆንጥጣ አወጣችና ጮክ ብላ አነበበች።

«‹በዛሬው ዕለት ባለመረግዱን ሐብል ለሙዚየሙ ከማስረከብዎ በፊት ያለ ፈቃድ በድጋሚ በመለካት የማሽን ሰዓት ያባከኑ በመሆኑ፣ በዚህም ምክንያት የሙዚየሙን ተወካይ ለአርባ ደቂቃ ውጭ ያስጠበቁ መሆኑን ተወካዩ ባቀረቡት ቅሬታ የተረጋገጠ በመሆኑ…›» አቋረጠችው። «ቀኑ ሐብሉ የወጣበት ቀን ነው። የከሰሱኝ እርስዎ ነዎት» አለችው ኃላፊውን። ወደ ዳይሬክተሩ ዞራም፣ «ፊርማውስ የማን ነው፣ ዶክተር?» አለች።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። የፈረመውን ነገር ሲያነብ የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

«ለካሁት፣ ይዤው ወጣሁ፣ ሣጥኑን እርስዎ ፊት አሸግሁ፣ ማሸጊያው ላይ ፈረሙ» አለችው ኃላፊውን። «ከዚያ በኋላ የት እንደነበር ለፖሊስ ይንገሩ።»

ኃላፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሰዓቱን አላየም።

ዳይሬክተሩ ለፖሊስ ደውሎ ሲጨርስ ወደ እሷ ቀረብ አለ። ይቅርታ ሊል ነው ብላ ጠበቀች። «እትዬ፣ እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ከማኅደርዎ ላስነሳልዎ» አላት።

«አንዱም አይነሳም!» አለች። «ከነቁጥራቸው ይቀመጡ። እናንተ ሌባ ናት ብላችሁ ቦርሳዬን ስታዩ፣ ንጹሕ ናት ያለኝ ይሄ ወረቀት ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች ሐብሉን ሊወስዱ መጡ። ወረንጦ ሣጥኑን አንስታ ወደ ማሽኑ ክፍል አመራች።

«የት ነው የሚወስዱት?» አላት አንደኛው።

«አርባ ደቂቃ ይጠብቃሉ» አለችው። ዳይሬክተሩ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ለፖሊሶቹ ወንበር አቀረበላቸው።